በፓሪስ የጠጕር ሠሪዎች ጎዳና

ወደ ፓሪስ ከተማ የሔደ መንገደኛ የምሥራቅ ባቡር ጣቢያ ከሚባለው ወጥቶ ወደ ደቡብ ቢያቀና፣ የስትራስቡርግ ጎዳና የሚሉትን ሰፊ መንገድ ያገኛል። በዚህ ጎዳና ጥቂት እንደ ሔደም፣ በ1908 ዓመተ ምሕረት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) የተከፈተው ሻቶ ዶ የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይታየዋል። ከጣቢያው ደረጃ አንዲት ጥቁር ሴት ብቅ ስትል፣ ደላሎች ጠጕር ወደሚሠራበት ቤት ሊወስዷት ከየአቅጣጫው ይጠሯታል። ከአፍሪቃ ምድር የመጡ ብዙ ሴቶች ራሳቸውን የሚሠሩበት ሰፈር ይህ ነውና።

ሱቆቹ ጠባቦች፣ መብራታቸውም የደመቀ ነው፤ በመስኮታቸው ሰው ሠራሽ ጠጕር በየቀለሙ ተሰቅሏል። በውስጥ ከኮት ዲቯር፣ ከናይጄሪያና ከሌላም አገር የመጡ ሠራተኞች ቆመው ጠጕር ይጐነጕናሉ፤ በአጠገባቸው የቻይና ሴቶች ተቀምጠው ጥፍር ያሳምራሉ። ቀጭን ሹሩባ ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ሁሉ የሚደክመው ጣት ብቻ አይደለም። በወንበሩ የተቀመጠችው እመቤት ስለ ባሏ ጠባይ፣ ስለ ልጇ ሕመም፣ ስለ ቤት ኪራይዋ ታወራለች፤ ሠራተኛይቱም የራሷን ኀዘን በልቧ ደብቃ በፈገግታ ልታዳምጣት ይገባታል። ፊቷ የጠቈረ እንደ ሆነ ደንበኛይቱ ዳግመኛ አትመለስምና።

አርሊ ሆክሽልድ የተባሉት አሜሪካዊት የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ የአይሮፕላን አስተናጋጆችን መርምረው በ1983 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለዚህ ዓይነቱ ድካም የስሜት ሥራ የሚል ስም ሰጥተውታል። በእውነትም ፈገግታ ለደመወዝ ሲታዘዝ፣ እንደ ሸክም ሁሉ ጕልበት ይጨርሳል፤ በሒሳብ መዝገብ ግን አይጻፍም። በዚህ ሰፈርማ የብዙዎቹ ዋጋ በሠሩት ራስ ልክ ስለሚታሰብ፣ ደንበኛ ሲጠብቁ የዋለው ሰዓት እንኳ ከቍጥር አይገባም።

በዚሁ ጎዳና በ57 ቍጥር ቤት ይሠሩ የነበሩ 18 ሠራተኞች በ2014 ዓ.ም. ሥራቸውን አቁመው ሱቁን አንለቅም አሉ። ከአፍሪቃና ከቻይና የመጡ፣ የመኖሪያ ፈቃድም ያልነበራቸው ድኾች ነበሩ፤ ለረዥም ቀን ሥራ የሚከፈላቸውም እጅግ ጥቂት ነበረ። ፈቃድ የሌለው ሰው ተይዤ እባረራለሁ ብሎ ስለሚሠጋ፣ ቢበደልም ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ዝምታ አሠሪ የሆነ ሰው ታማኝነት ነው ብሎ ሊቈጥረው ይችላል፤ ነገሩ ግን ፍርሃት ነው። እውነተኛው ታማኝነት የታየው ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው በተያያዙ ጊዜ ነው። ጠጕር የሚጐነጕነውና ጥፍር የምታሳምረው፣ አገራቸውም ቋንቋቸውም የተለያየ ሲሆን፣ አንዱ ሌላውን ጥሎ አልሔደም። ሴ.ዤ.ቴ. የተባለው የሠራተኞች ማኅበር እየረዳቸው ለወራት ሳይበተኑ ቈዩ። በ2015 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጣቸው፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የፓሪስ ፍርድ ቤት የሱቁን ኀላፊ በሰው የመነገድ ወንጀል ፈረደበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል፣ ክር ሲያያይዙ በሚውሉ በእነዚህ ሰዎች እጅ ተፈጸመ።

የተከበራችሁ እመቤቶች፤ ጠጕር ሠሪ በየአገሩ አለች፤ በፊቷ የምታሳየው ደስታም በየአገሩ ድካም አለው። እርሷ የልጆቻችሁን ደኅንነት ስትጠይቅ እናንተም የልጆቿን ጠይቁ፤ ዋጋዋንም ሳታጐድሉ ክፈሉ። የደከማት መስሎ የታያችሁ እንደ ሆነ ግን ወሬውን ጥቂት ተዉላት። ሥራዋን በዝምታ እንድትሠራ መፍቀድም ለደከመች ሴት ታላቅ ስጦታ ነው።