ኡሲክ ይመስለኝ ነበር፣ ግን አታስይዙበት

ቅዳሜ ታህሳስ 12 ቀን 2017 ሌሊት ኡሲክና ፉሪ ሪያድ ላይ ዳግም ሊገጥሙ ነበር። ዶርማችን ውስጥ ከሚድ ፈተና በላይ የሚወራው እሱ ነበር። የኔ ግምት ኡሲክ በነጥብ ነበር። ፉሪ 2 ሜትር ከ6 ነው፣ ኡሲክ 1 ሜትር ከ91፤ በስሌት ከሄድን ክንደ ረጅሙ ማሸነፍ ነበረበት። ግንቦት 2016 ላይ ግን ኡሲክ በእግሩ ፍጥነት እየተጠጋ መታው፤ 9ኛው ዙር ላይ ፉሪ ተንገዳግዶ ዳኛው ቆጠረበት። እንዲያም ሆኖ ከሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች አንዱ 114 ለ113 ለፉሪ ሰጥቷል።

ይህን ሁሉ ሳብራራ ዝም ብሎ ሲሰማኝ የነበረ የዶርም ልጅ ስልኩን አወጣና "በነጥብ ነው ያልከው አይደል?" አለኝ። ሊያስይዝበት ነው፤ ያውም ከቤት የተላከለትን የወር ብር። ቁማር ሐራም መሆኑን መድረሳ ስቀራ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ሳንቲም ስለማላስይዝ ነገሩ የማይነካኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ "እርግጠኛ ነኝ" እያልኩ የማወራው ወሬ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ሆኗል። ገይቡን የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኔ ያየሁት አንድ ግጥሚያ ብቻ ነበር። "ተው፣ ወላሂ አላውቅም" አልኩት። "ቅድም እንደዛ ስትፎክር?" ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። እውነቱን ነው፣ ፎክሬያለሁ።

ቅዳሜ አብረን እንድናይ መልእክት ልኬለት ነበር። አልመለሰልኝም።