የአድሚራሉ ደብዳቤዎች

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ እንጀራዋ ግን ከባሕር ነው የሚመጣው። ታይዋን ወደሚባለው ገበያዋ የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሽቶው፣ የሕፃኑ ጫማ ሳይቀር ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ከደረሰ ወዲህ ከተማዋ ጆሮዋን ወደ ወደቡ አቅንታ ኖራለች። ስለዚህ የባሕር ኃይልን ነገር ማንሳት ከፈለግሁ ከታይዋን ሱቆች መካከል ቆሜ ባነሳው ደስ ይለኛል፤ መርከብ ሲዘገይ ዋጋ እንደሚወደድ እዚህ ማንም አስተማሪ አይፈልግም።

ሰሞኑን ልቤን የያዘው የአንድ አሜሪካዊ አድሚራል የደብዳቤ ክምችት ነው። ስቲቨን ሉስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1827 ተወልዶ በ1917 ያረፈ፣ ዕድሜውን ለመርከበኞች ትምህርት የሰጠ ሰው። በ1865፣ የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ ባሕር ኃይሉ የጠላትን ወደብ ቻርለስተንን ከባሕር እየደበደበ ሊያስከፍታት አቅቶት ነበር። የምድር ጦሩ ጄኔራል ሸርማን ግን የከተማዋን የስንቅ መስመር ከየብስ ቆርጦ እንደሚጥላት ለሉስ ነገረው፤ ብዙ ሳይቆይም ቃሉ ደረሰ። ሉስ ከሸርማን ንግግር አንድ ነገር ገባው። ጦርነት የሚጠና ሥርዓት አለው፤ የእሱ ባልደረቦች መርከብ መንዳትና መድፍ መተኮስ ተምረዋል፣ ስለ ጦርነት ራሱ ግን ማንም አላስተማራቸውም።

ይህን ሐሳብ ትምህርት ቤት እስኪያደርገው 19 ዓመት ፈጀበት። በ1884 ኒውፖርት አጠገብ ካለች ደሴት፣ ቀድሞ የድሆች መጠለያ በነበረ ቤት፣ የባሕር ኃይል የጦር ኮሌጁን ከፈተ። ታሪክ የሚያስተምር መኮንን ያስፈልገው ነበርና በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ አንዲት አሮጌ መርከብ ያዝዝ ለነበረው ለአልፍሬድ ማሃን ጻፈለት። ማሃን በመስከረም መጀመሪያ ከጓያኪል «እሺ» ብሎ መለሰ። ከዚያም ለማስተማር ሲዘጋጅ ሊማ ከተማ ውስጥ ከአንድ ክበብ ቤተ መጻሕፍት የሮም ታሪክ ተውሶ አነበበ፤ ሃኒባል ጣልያንን በባሕር ወርሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት ይሆን ነበር ብሎም ራሱን ጠየቀ። በ1890 የታተመውና የዓለምን ባሕር ኃይሎች ያንቀሳቀሰው መጽሐፉ ከዚያ ጥያቄ በቀለ። ያን ሁሉ ያስጀመረው የሉስ ደብዳቤ ነው።

ኮሌጁ ግን ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ባሕረኛ የሚማረው ባሕር ላይ ነው የሚሉ አለቆች በረቱ፤ በ1889 ከቶርፔዶ ጣቢያ ጋር ቀላቅለው አሳነሱት። ሉስ ሳይታክት ጻፈ፤ ለሚኒስትር፣ ለወዳጅ፣ ለተማሪ። ወረቀቶቹ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና በኒውፖርት ተቀምጠዋል፤ በ1925 ደግሞ አልበርት ግሊቭስ ሕይወቱንና ደብዳቤዎቹን በአንድ መጽሐፍ አሳተማቸው። የምቀናበት ይህ ነው። መመሪያ የተወሰነውን ብቻ ይነግረናል። ማን እንደተቃወመ፣ ገንዘቡ የት እንደተያዘ፣ መሥራቹ በየትኛው ሌሊት ተስፋ ሊቆርጥ እንደነበር የሚነግረን ደብዳቤ ነው። ፈርሶ የነበረን ትምህርት ቤት እንደገና የሚያቆም ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው።

እኛም ፈርሶብናል። ባሕር ኃይላችን እ.ኤ.አ. በ1955 ምጽዋ ላይ ሲመሠረት የኖርዌይ መኮንኖች በሥልጠናው አግዘዋል፤ ከድሬዳዋ ሽቅብ ዳገቱን ሲወጡ ሐረር ላይም ብዙ ሳይቆይ የሕንድ መኮንኖች የጦር አካዳሚውን አስጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ዕጩ መኮንኖችን ይዛ ትወጣ ነበር፤ በምረቃ በዓል የታላላቅ መንግሥታት የጦር መርከቦች ምጽዋ ይሰለፉ ነበር። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ማስታወሻውም ሐሳቡም አብሮ ይቀበራል፤ ሐዘኑ ከቤተሰብ አልፎ የትምህርት ቤትም ነው። ምጽዋ እ.ኤ.አ. በ1990፣ አሰብም በ1991 ከእጅ ሲወጡ ከመርከቦቹ ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ፤ ከዚያም ጅቡቲ፣ ታይዋን ገበያ ዕቃዋን በምትጠብቅበት በዚያው ወደብ፣ ተገትረው ከረሙ። እ.ኤ.አ. በ1996 በጨረታ ተሸጡ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ባሕር ኃይሉ እንደገና ተጀመረ፤ መምሪያውም ባሕር ዳር እንደሚሆን ተነገረ። አዲሱ ዕጩ መኮንን መርከብ ይገዛለታል፣ መምህርም ከውጭ ይመጣለታል። ያኔ ከደጋ የመጣ፣ ከወንዝ በቀር ውኃ ያላየ ልጅ ምጽዋ ላይ የመጀመሪያውን ወር እንዴት እንዳለፈው ግን ፈረንሳይ አያውቅለትም። አስተማሪው በባዕድ ቋንቋ ሲናገር ክፍሉ ውስጥ ማን ያስረዳ እንደነበር፣ የትኛው ትምህርት ጠቅሞ የትኛው እንደባከነ፣ ይህን የሚያውቁት ያኔ የጻፉት ናቸው።

እነሱ ደግሞ አርጅተዋል። ስለዚህ ጋሼ፣ ከምጽዋ ለእናትዎ የጻፉት፣ ከጓደኛዎ የተቀበሉት፣ ከመርከብ ላይ የላኩት ካለ ልጆችዎን ቁጭ አድርገው ያሳዩአቸው። እኅቶቼ፣ የአባታችሁን ሳጥን ስታጸዱ ወረቀቱን ከአሮጌ ልብስ ጋር አትጣሉት፤ አዲስ አበባ ለሚገኘው ቤተ መዛግብት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ ስጡት። የቤት ምስጢር ያለበት ከሆነ እስከዚህ ዓመት አይከፈት ብላችሁ ማስታሸግ ትችላላችሁ። ቅጂ ብቻ መስጠት ከፈለጋችሁም ታይዋን ዙሪያ በስልክ ፎቶ የሚያነሳላችሁ ልጅ አይጠፋም። ፖስታውን ከደብዳቤው አትለዩት፤ ቀኑና የተላከበት ከተማ ማኅተም ያለው እሱ ላይ ነው።