ለመንገደኛ የሚጫን ውሃ

ጅቡቲ ውስጥ ልጆች ይዞ ወደ በረሃ የሚወጣው በብርዱ ወራት ነው። ሰኔና ሐምሌ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ታኅሣሥና ጥር ላይ ወደ 28 ይወርዳል፤ እኛ በምንኖርበት በሄሮን ሰፈር ማታ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ነጠላ ያስደርባል። የገናን በዓል አሳል ሐይቅ ለመዋል የተነሣነውም ይህን አይተን ነበር። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ከባልባላ አልፎ ያለው ፒኬ 12 የኢትዮጵያ ሹፌሮች ከባድ መኪኖቻቸውን የሚያቆሙበት ሰፈር ነው። እዚያ ጎማ ስናስነፋ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሹፌር የጫንነውን አዩና ባለቤቴን፣ «እህቴ፣ ይኼ ውሃ ለናንተ ይበቃል። ለመንገደኛውስ?» አሏት። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሷም እኔም ገብቶናል። ጀሪካን ገዝተን ሞላን፤ ቴምርና ዳቦም ጨመርን።

ዌአን ካለፉ በኋላ ዋናው መንገድ ወደ ጋላፊ ይቀጥላል፤ በቀኝ የሚገነጠለው ደግሞ ወደ ታጁራ ይሄዳል። በዚህኛው መንገድ ዛፍ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ እስከ ዛሬ እንደጠቆረ ተዘርግቷል። አፍሪካና ዓረብ ቀስ በቀስ የሚለያዩበት ምድር ስለሆነ መሬቱ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። ሐይቁም ከዚሁ ስንጥቅ የተወለደ ነው፤ ከጎቤት ባሕረ ሰላጤ በድንጋዩ ውስጥ ሾልኮ የሚመጣ የባሕር ውሃ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይጠራቀማል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨውነቱም የባሕሩን አሥር እጥፍ ይሆናል። በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ የብስ የለም። አፋሮች ይህን ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲያወጡ ኖረዋል። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ የሚጠጣ ይመስላል። በጥም ለሚንከራተት ሰው ከዚህ የከፋ እይታ አላውቅም።

መንገደኞቹን ልጆች ያገኘናቸው ወደ ሐይቁ ሳንወርድ ነው። በመንገዱ ዳር ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ሸበጥ አድርገዋል፤ በእጃቸው ባዶ ሃይላንድ ይዘዋል። አቆምን። «ጋሼ፣ ውሃ ይኖራችኋል?» አለኝ የፊተኛው፣ በወሎ አነጋገር። የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ የሚጠጣ ሐይቅ ዳር ያደገ። ይመራቸው የነበረው ደላላ ሌሊት ጥሏቸው ሄዷል። ወደ ኦቦክ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ቢቀናቸው ሳዑዲ። ለእናቱ ሳይነግር መውጣቱን ለባለቤቴ ሲነግራት ትንሿ ልጄ ሰማችና፣ «አባዬ፣ እናቱ የት ነው ያለ ብላ ነው የምታስበው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ውሃ ሲጠጡ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ርኅራኄ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እኔም የወሎ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፤ እኔም ከአገሬ የወጣሁት እንጀራ ፍለጋ ነው። እኔ በባቡር መጥቼ ነጋድ ጣቢያ ወረድኩ፤ ያ የወሎ ልጅ በእግሩ መጣ። እኔ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ እሱ የለውም። በመካከላችን ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ መሆኑን በሄሮን በረንዳዬ ላይ ሆኜ አላየሁትም ነበር፤ ያየሁት እዚያ ነው። ለልጄ እናቱ እንደማታውቅ፣ ቀን ከሌሊት እንደምትጨነቅ ነገርኳት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እውነቱን ለመስማት አላነሰችም። ያን ዕለት ሐይቁን አየን፣ ጨው ለቀምን፣ ልጆቻችንም ተጫወቱ፤ ስንመለስ ግን ያወራነው ስለ መንገደኞቹ ነው።

ነገሩ የጥም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ፣ ጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠዋል፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞተዋል፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ነበሩ። ይህን ለሐይቅ ከተማው ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ኦቦክ ውስጥ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ማዕከል እንዳለው፣ ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልገውንም እንደሚረዳ ነገርኩት። ይመለስ አይመለስ የሱ ፈንታ ነው፤ ማወቁ ግን ይገባዋል።

ጅቡቲ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አሳል ወይም ወደ ታጁራ ስትወጡ ከራሳችሁ በላይ ውሃ ጫኑ። መንገደኛ ስታዩ አቁሙ፣ አጠጡ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በሚገባው ቋንቋ የኦቦኩን ማዕከል ንገሩት።