ከዓባይ በረሃ ጀሶ እስከ ደባርቅ ጥቁር አፈር



ጀሶ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የቤት ኮርኒስ ወይም የተሰበረ እግር የሚታሸግበት ነጭ ነገር ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ አላህን የማይፈሩ አንዳንድ ሰዎች ከጤፍ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ለሕዝብ አቀረቡ መባሉን ሰምተን ስሙ እንኳ ያስጠላን ጀመር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ከእህል ክምር ሥር አስገብተው እርጥቡን ያጋለጡበትን ታሪክ የሚያውቅ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ሥራ አይዳፈርም። ጀሶው ራሱ ግን ምን በደለ? አላህ (ሱ.ወ.) የፈጠረው ድንጋይ ነው፤ በአገራችንም በብዛት ይገኛል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ዳባትና ደባርቅ የምንጓዘው ይህ ድንጋይ የት አፈር እንደሚሆን፣ የት ደግሞ ጨርሶ እንደሚጠፋ እያየን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በየብስ የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮን ላይ ሲደርስ መሬቱ ከፊቱ ይከፈትበታል። ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ልጆች በመኪና ውስጥ ካሉ እንቅልፋቸውን ትተው ገደሉን እንዲመለከቱ ማድረግ ነው፤ እንዲህ ያለ የተከፈተ መጽሐፍ በሌላ ቦታ አያገኙም። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ነጭና ግራጫ እየሆነ በመስመር በመስመር የተደረደረው ጀሶ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። የሥነ ምድር ምሁራን ጀሶ ያለበትን ንብርብር በከተማዋ ስም «የጎሐ ጽዮን ንብርብር» ብለው ይጠሩታል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በዚህ ስፍራ ባሕር ነበረ። ባሕር በፀሐይ እየተነነ ሲደርቅ መጀመሪያ የኖራው ዓይነት፣ ቀጥሎ ጀሶው፣ በመጨረሻም ጨው ይዘቅጣል። ሱብሓነላህ! የደጋው ሰው ዛሬ በሚሻገረው ገደል ውስጥ የባሕር ዝቃጭ ተቀምጦ ይገኛል። ከዚህ አካባቢ የሚወጣው ጀሶ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ያገለግላል፤ ጥቂት ካልተጨመረበት ሲሚንቶ ውሃ እንደነካው ወዲያው ይደርቃልና።

የጀሶ ጠባይ በውሃ መሟሟቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ300 ግራም በላይ ጨው ሲያሟሟ ከጀሶ ግን የሚያሟሟው 2 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ይምሰል እንጂ በየክረምቱ ዝናብ የሚወርድበት አገር በሺህ ዓመታት ውስጥ ጀሶውን ከአፈሩ አጥቦ ይጨርሰዋል። ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ ግን ውሃው ጥቂት ወርዶ ይቆምና መልሶ ይተናል፤ ጀሶውም ከአፈሩ ሥር እንደ ዱቄት፣ አንዳንዴም እንደ ድንጋይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይረጋል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አፈር የሸፈነው መሬት 100 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ሶማሊያ፣ ኢራቅ፣ ሶሪያና ናሚቢያ ከሚታወቁት ናቸው። በእኛም አገር በኦጋዴን፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ግመልና ፍየል በሚያረቡበት ሰፊ ሜዳ፣ ይህ አፈር በስፋት አለ።

ለምን አርብቶ አደር እንጂ ገበሬ እንዳልሰፈረበት አፈሩን ማየት በቂ ነው። ጀሶ የበዛበት አፈር ለሰብል የሚሆነው ምግብ አነስተኛ ነው፤ ውሃም ብዙ አይዝም፤ የረጋው ንብርብር ደግሞ የተክል ሥር እንዳያልፍ ይከለክላል። የጉድጓዱ ውሃ ይመርራል። መስኖ ለመሥራት ቢሞከር ቦዩ ከሥሩ ጀሶው ሟሙቶ ይደረመሳል፤ ተራ ሲሚንቶም በእንዲህ ያለ መሬት ይበላሻል። ስለዚህ ይህን መሬት የሚችለው ሣሩና ቁጥቋጦው፣ ከዝናብ ወደ ዝናብ የሚጓዘው ግመልና ባለቤቱ ነው። «ባዶ መሬት ነው» እያሉ አርሰው ሊያለሙት የሚመኙ ሰዎች ይህን ቢያጤኑ መልካም ነበር። በሌላ በኩል ጥቂት ጀሶ መድኃኒት ነው፤ በሶዲየም የተበላሸና የተጠቀጠቀ አፈር የሚታከመው በእርሱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ወጣቶች ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ውሃ የሌለው መንገደኛ በጀሶ መሬት ላይ ተየሙም ማድረግ ይችላልን? በዚህ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ከምድር ዓይነት በሆነ ነገር ሁሉ፣ በአሸዋም በድንጋይም በጀሶም ይቻላል ይላሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን አቧራ ያለው አፈር መሆን አለበት፤ የተፈጨ ድንጋይና ጀሶ አይበቃም። የልዩነቱ ምንጭ ቁርኣን ውስጥ ያለው «ሰዒድ» የሚለው ቃል ነው፤ አንዱ ወገን የምድር ገጽ ሁሉ ሲለው ሌላው አፈር ብቻ ነው ብሎታል። በየአካባቢያችሁ ያሉትን ዓሊሞች ጠይቁ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ጎንደርን ትተን በወገራ በኩል ወደ ሰሜን ስንጓዝ ዳባትን እናገኛለን፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ደግሞ ደባርቅ አለች። እዚህ ጀሶ የሚባል ነገር የለም። ድንጋዩ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ዝናቡም በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ከፍ ባለው የሰሜን ተራሮች ላይ አፈሩ ጥቁር፣ ሲያነሡት ቀላል፣ ውሃና ብስባሽ የሚይዝ ነው። ገብስ ይወደዋል። ሆኖም የኦጋዴኑ አፈር ድካም መድረቁ ሲሆን የሰሜኑ ደግሞ መሄዱ ነው። ተዳፋት ላይ ከታረሰ በየክረምቱ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፓርኩ ውስጥ የሠራው ስዊዘርላንዳዊ ምሁር ሐንስ ሁርኒ ይህንኑ በስፋት አጥንቷል፤ አንድ ጣት የማይሞላ አፈር ለመፈጠር እጅግ ብዙ ዓመታት ሲፈጅ ለመታጠብ ግን ጥቂት ክረምቶች ይበቁታል።

ከደባርቅ አልፎ በወልቅፊትና በሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ ለሙስሊሞች ታሪክ ቅርብ ነው። ጣሊያን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመኪና መንገድ ከመጥረጉ በፊት የቅፍለት መንገድ ነበረ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 (እ.ኤ.አ.) በተላለፈው ውሳኔ ተለይተው እንዲኖሩ የተደረጉት የጎንደር ሙስሊሞች፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው ሰፈር ሆነው ንግዱን ይዘው ነበር። ጀበርቲ ነጋዴዎች በዚህ ገደል ወደ ምጽዋ ይወርዱ፣ ከአፋር የመጣውን አሞሌ ጨውም ይዘው ይወጡ ነበር። ጀሶም አሞሌም የደረቀ ባሕር ልጆች ናቸው። አንዱ ለግመል ሜዳ ሲሆን ሌላው የነጋዴ ገንዘብ ሆነ።

በተራራው ላይም ሙስሊሞች ነበሩ። ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ያህል ከፍ ባለው የግጭ አምባ ላይ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ገብስ ያርሳል፣ በግ፣ ከብትና ፈረስ ያረባል። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ከምክንያቶቹ አንዱ ልቅ ግጦሽና እርሻ ነበር፤ ጓሳው ተግጦ አልቆ አፈሩ ተራቁቶ ነበርና ዋልያውም ሸሽቷል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) 418 የግጭ አባወራዎች ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ።

ለአፈሩና ለሣሩ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዕድሜውን በሞፈርና በበግ ያሳለፈ አባት፣ እማማም የገብስ ቆሎ ከራሳቸው ማሳ የለመዱ፣ ከተማ ውስጥ በምን ይተዳደሩ የሚለው ጥያቄ በካሳው ብር ብቻ የሚመለስ አይመስለኝም። የአካባቢው ሙስሊም ኅብረተሰብና ባለሀብቶች ለልጆቻቸው የሙያ ትምህርትና መነሻ ገንዘብ ቢያስቡ ታላቅ ሰደቃ በሆነ ነበር።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነውና ክፍያውን እዚያው ፈጽሞ ይገባል። ከመውጣቱ በፊት ግን ከግጭ የወረዱትን አባቶች ፈልጎ ሰላምታ ቢያቀርብላቸውና ስለ አምባው ቢጠይቃቸው አይከስርም። የትኛው ተዳፋት ገብስ ይሰጥ እንደነበር፣ የትኛው እንደታጠበ፣ ጓሳው በአባቶቻቸው ጊዜ እስከየት ይደርስ እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።