ሙያን ስለ ማውረስ

ሰው ቤቱንና መሬቱን ለልጁ ለማውረስ ሲፈልግ ምስክር ጠርቶ ይናዘዛል። ሙያውን ለማውረስ ግን ኑዛዜ አይበቃውም፤ ገና በጤናው ሳለ፥ እጁ ሳይደክም፥ ዓይኑም ሳይፈዝ ተተኪውን አጠገቡ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። ተተኪውም በበኩሉ ለመቀመጥ ፈቃደኛ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ሙያው ከባለሙያው ጋር ይቀበራል። ይህን ነገር ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከአገሬ እጅግ በራቀ የበረዶ አገር ከአንድ አውሬ አጥማጅ ሽማግሌ ዘንድ ተማርሁት እንጂ። ትምህርቱ ለእኔ ዘግይቶ ስለ ደረሰኝ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ለአንተ ሳይዘገይ እንዲደርስህ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

እኔ የቆዳ ፋቂ ልጅ ነኝ። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ከአፌ ለማውጣት ከአርባ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አባቴ ከማለዳ እስከ ማታ ቆዳ ወጥሮ እየፋቀ ጀንዴና አጎዛ፥ ስልቻና ምራን ይሠራ፥ አገልግልም ይለብጥ ነበር። የሠፈራችን ሰው አባቴ ባለፋው ጀንዴ ላይ ይተኛል፤ አባቴ በለበጠው አገልግል ስንቁን ይዞ መንገድ ይሄዳል፤ አባቴ በቈረጠው ምራን በሬውን ይጠምዳል፤ አባቴን ግን ከማዕዱ አያቀርበውም ነበር። አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው እየጠራ የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ አዋጁ ሰባ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ የሰውን አፍ ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ልቡን ቶሎ አይለውጥም። የልጆችን ስድብ በመፍራት «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ስባል «ነጋዴ ነው» እል ነበር።

ፊደል ሳልቈጥር በፊት አባቴ መፋቂያ አስይዞኝ፥ እጄን በእጁ ይዞ፥ የቆዳውን ሥጋ እንዴት እንደሚያነሡ አሳይቶኝ ነበር። ፊደል ከቈጠርሁ በኋላ ግን አጠገቡ መቀመጥ አፈርሁ። በዕረፍት ወራት ወደ ቤት ስመጣ «ና ልጄ፥ ቁጭ ብለህ እየኝ፤ ማልፋቱን ገና አላሳየሁህም» ይለኛል። እኔም «ጥናት አለብኝ» እለዋለሁ። እሱም «ይሁን፥ ሌላ ቀን» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ እኔ ከአገር ወጣሁ፤ ካናዳ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የአባቴን ሞት ተረዳሁ።

እንጀራ ፍለጋ የወሰደኝ በአልበርታ ክፍለ ሀገር በስተ ሰሜን ወዳለችው የነዳጅ ከተማ ወደ ፎርት ማክመሬ ነው። በዚያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ ከሠፈራቸው ወደ ሥራቸው አመላልስ ነበር። ከሾፌሮቹ አንዱ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከክሪዎች ወገን የተወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። በበጋ እንደ እኛ መኪና ይነዳሉ፤ ክረምቱ ሲገባና ወንዙ ሲረጋ ግን ሥራውን ትተው ወደ ጫካ ይገባሉ። ምን እንደሚሠሩ ብጠይቃቸው «አጠምዳለሁ፤ ደግሞም አጥማጆችን አስተምራለሁ» አሉኝ። ማጥመድ የሚማሩት ሙያ መሆኑ አስገረመኝ፤ ወጥመድ ዘርግቶ መጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበርና።

የጠጉር ንግድ ያን አገር ያስገኘ ንግድ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። ቢቨር የሚባለው በጥርሱ ዛፍ እየቈረጠ በወንዝ ላይ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ነው፤ ውስጠኛው ጠጉሩ ለአውሮፓ ባርኔጣ እጅግ ይፈለግ ነበር። የሃድሰን ቤይ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1670 ተቋቁሞ (ከዚህ በኋላም የአገራችንን ካልጠቀስሁ በቀር በአውሮፓ እቈጥራለሁ) ለዚሁ ንግድ በሰሜኑ አገር ሁሉ ጣቢያ አቆመ። አጥማጁ በዛ፤ ሁሉም የዛሬን ብቻ አየ፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቢቨር ከብዙ ወንዞች ጠፋ።

በዚህ ጊዜ ሙያውን ከጥፋት ያዳኑት ከሙያው ውስጥ የተነሡ ሰዎች ናቸው። ኤሪክ ኮሊየር የተባለ አጥማጅ በ1931 ከሚስቱ ከሊሊያንና ከትንሽ ልጁ ጋር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ሜልድረም ክሪክ ወደሚባል ወንዝ ሄደ። የሊሊያን አያት የአገሩ ተወላጅ ስለ ነበሩ ያ ወንዝ በቢቨር የተሞላበትን ዘመን ያስታውሱ ነበር። ኮሊየር ሲደርስ ግን ቢቨር የለም፤ ግድቡ ፈርሷል፤ ውሃውም ደርቋል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ጠብቆ የሚጠግነው ያጣውን የቢቨር ግድብ በገዛ እጃቸው ያድሱ ጀመር። ውሃው ተመለሰ። በ1941 መንግሥት ሁለት ጥንድ ቢቨር ሰጣቸው፤ እነዚያም ተዋልደው ወንዙን ሞሉት። ኮሊየር ያየውን በ1959 በታተመ መጽሐፍ ገለጸ፤ የክፍለ ሀገሩም አጥማጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ጓደኞቹን መራ። ፍራንክ ኮኒቤር የተባለ ሌላ አጥማጅ ደግሞ በሰሜን ጫካ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲያጠምድ እግር በሚይዝ ወጥመድ የሚሠቃየውን አውሬ አይቶ አዘነ፤ ብዙ ደክሞም ቶሎ የሚገድል ወጥመድ ፈጠረ፤ ይህም በ1950ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ካናዳ፥ ሩሲያና የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ባደረጉት ስምምነት መሠረት ለቢቨር የሚሆን ገዳይ ወጥመድ እንስሳውን በ300 ሴኮንድ ውስጥ ራሱን እንዲያስተው ግድ ነው። የጠጉር ልብስን ፈጽመው የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው። ሽማግሌው ስለ እነሱ ሲጠየቁ «ደግ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ እኛ እንሰንፍ ነበር» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ደቀ መዛሙርታቸውን ወደሚያስተምሩበት ጎጆ ይዘውኝ ሄዱ። በዚያ አገር ፈቃድ የሚፈልግ አዲስ አጥማጅ አስቀድሞ ትምህርት ተምሮ መፈተን አለበት። ተማሪዎቹ ስምንት ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አንድም ወጥመድ አልነኩም፤ ሽማግሌው በበረዶ ላይ እያስኬዱ ፋና ሲያስነብቧቸው ዋሉ። «መመለስ በማትችልበት ቦታ ወጥመድ አትትከል። ከአንድ የቢቨር ቤት ሁሉንም አትውሰድ፤ የምትተወው የነገ ቀለብህ ነው። ጠጉሩ ሳይደርስ የገደልህ እንደ ሆነ ቆዳው ራሱ ይመሰክርብሃል» አሏቸው። እውነትም ያለ ጊዜው የተገደለ አውሬ ቆዳው በሥጋው በኩል ይጠቍራል፤ በብርድ ወር የተያዘው ግን ነጣ ያለ ነው፤ ገዢ ገልብጦ ሲያየው ያውቀዋል።

በሁለተኛው ቀን ሥቡ ያልተነሣ የቢቨር ቆዳ በግንድ ላይ ዘርግተው ቢላዋ ሰጧቸው። አንዱ ወጣት ቸኵሎ ቆዳውን ቀደደው፤ ቀዳዳውም በጣት የሚደፈን ነበር። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ ቆዳውን በሳንቃ ላይ በምስማር ወጠሩት። ያን ጊዜ ቀዳዳው ሰፍቶ ሁላችን አየነው። «ትንሽ ስሕተት ሲወጠር እንዲህ ነው» ብለው ዝም አሉ። ልጁ ከዚያ ወዲያ አልቸኰለም።

እኔ ከጥግ ተቀምጬ ሳይ እጄ ያሳክከኝ ጀመር። «እስቲ ልሞክር» ብዬ ቢላዋውን ተቀበልሁ። ሠላሳ ዓመት ያልነካሁት ሥራ በእጄ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ነቃ። ቢላዋውን ሳላቆም፥ ሳልጫን፥ ሥቡን ከአንገት እስከ ጭራ አነሣሁት። ሽማግሌው ቆዳውን በመዳፋቸው ዳብሰው «ማን አስተማረህ?» አሉኝ። የድሮው ውሸት እስከ ከንፈሬ መጣ፤ «ከእርስዎ አይቼ ነው» ልል ነበር። ነገር ግን በዚያ ጎጆ ውስጥ ቆዳ መፋቅ የሚያሳፍረው ሰው አንድም አልነበረም። «አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር» አልሁ። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡና ወደ ተማሪዎቹ ዞረው «ዛሬ ሁለት መምህር አለን» አሏቸው።

እንዲያስተምር የታዘዘ ሰው ሆኜ ያን ቀን ለጥቂት ጊዜ አባቴን ሆንሁ። የተማሪዎቹን እጅ በእጄ ይዤ፥ አባቴ እንዳሳየኝ አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያም አንዲቱ ልጅ «አባትህ ከፋቀው በኋላ የሚያለፋው በምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትሁ፤ የምናገረው ግን አጣሁ። እምቧይ እንደሚጨምርበት አውቃለሁ። ከእምቧዩ ጋር የሚቀጠቅጣቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ሽታቸው እስከ ዛሬ ባፍንጫዬ አለ፤ ስማቸውን ግን አልጠየቅሁም። «ሌላ ቀን» ያለኝ እነሱን ነበር።

ማታ ከእሳቱ ዳር ሐዘኔን ለሽማግሌው ነገርኋቸው። እሳቸውም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ የራሳቸውን ነገሩኝ። በሕፃንነታቸው ከእናትና ከአባታቸው ጕያ ተወስደው፥ ቋንቋቸውን መናገር ወደ ተከለከለበት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በነባሩ ሕዝብ ልጆች ላይ ለብዙ ዘመን ተፈጽሟል፤ የካናዳ መንግሥትም በ2008 በይፋ ይቅርታ ጠይቆበታል። ሽማግሌው በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከአያታቸው ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። አያታቸው ግን ወደ ጫካ ወሰዷቸው፤ እያንዳንዱን ነገር በጣት እያሳዩ፥ ስሙን እየነገሩ፥ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው አስተማሯቸው። «እኔ የማስተምረው ስለዚህ ነው» አሉኝ፤ «አያቴ አንድ ክረምት ቢዘገዩ ኖሮ ዛሬ ምንም አላውቅም ነበር።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሽማግሌው የአባቶቻቸው ዕውቀት በግድ ተነጥቆ ነበር፤ እሳቸው ግን መልሰው ፈለጉት። ከእኔ ማንም አልነጠቀኝም፤ አባቴ ሲሰጠኝ እጄን ሰብስቤ እንቢ ያልሁት ራሴ ነኝ። የሰውን ስድብ እንደ ምክንያት ላቀርብ እችላለሁ፤ ስድቡም እውነት ነበር። ነገር ግን ሰዳቢዎቹ አባቴን ከማዕድ ቢከለክሉት እኔ ደግሞ ከልጁ ከለከልሁት፤ የትኛው እንደ በረታበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በ2009 ዓ.ም. አገሬ ገብቼ የአባቴን መፋቂያ ፈለግሁ። እኅቴ ከደጃፍ ጭቃ ስትጠርግበት አገኘኋት። እሷን የምወቅስበት ምን አፍ አለኝ? መፋቂያውን ለመንኋት፤ ሰጠችኝ። ከአባቴ ጓደኞች በሕይወት የቀሩ አንድ አሮጊት ባለሙያ ነበሩ፤ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ሦስት ቀን ጠየቅኋቸው። ከሁለቱ ነገሮች አንዱን ነገሩኝ፤ ሁለተኛውን «እሱ የአባትህ የብቻው ነበር» አሉኝ። ያቺን አንዲት በደብተሬ ጽፌአለሁ። የቀረችው ከአባቴ ጋር ተቀብራለች።

እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አባትህ ወይም እናትህ የሚሠሩት ሥራ በሰው ዘንድ የተናቀ ቢሆን፥ ናቂዎቹ ሲተኙበት፥ ሲለብሱትና ሲበሉበት ተመልከት። ቅዱስ ቃል የሚጻፍበት ብራና ራሱ የተፋቀ የፍየል ቆዳ መሆኑን አስብ። በዚያው ሥራ ኑር አልልህም፤ እኔም ሾፌር ሆኜ ኖሬአለሁ። ነገር ግን «ና ቁጭ ብለህ እየኝ» ስትባል ተቀመጥ። ዐዋቂ የሆንህ አንተም፥ የሚያይህ ብታገኝ «ሌላ ቀን» አትበለው። ሽማግሌው አጥማጅ የሚያጠምዱት በክረምት ነው፤ ተማሪ ከመጣ ግን ወጥመዳቸውን እንኳ ትተው ይነሡ ነበር።