ደብዳቤ አንባቢው ጋሼ

ልጁን ወንጂ ወይም መተሐራ የላከ የጃጁራ ሰው ሁሉ የቤቱን ምስጢር ለአንድ ሰው መንገር ግድ ይሆንበት ነበር። ያ ሰው አጎቴ ናቸው። እኛ ዘመዶቻቸው «ትልቁ ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ገበያተኛው ደግሞ «ጋሼ አንባቢው» ይላቸው ነበር። ዘጠናን አልፈው ሲያርፉ ለቀብራቸው ከወረዳችን ከሶሮ ብቻ ሳይሆን ከዱና፣ ከጎምቦራ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜም ጭምር ሰው መጣ። ሹመት አልነበራቸውም፤ ሀብታቸውም ከጎረቤት አይበልጥም። መጪው ሁሉ ግን አንድ ጊዜ እናቱ፣ አባቱ ወይም አያቱ ከሩቅ ልጃቸው ጋር የተነጋገሩት በእሳቸው አንደበትና ብዕር እንደሆነ ያውቃል።

የተወለዱበትን ዓመት የጻፈ የለም። ጣሊያን ሲገባ ጥጃ የሚጠብቁ ልጅ እንደነበሩ ይናገሩ ነበር፤ ዕድሜያቸውን የምንቆጥረው ከዚያ ተነስተን ነው። መሬቱ የባለርስት በነበረበት በዚያ ዘመን እህሉ ተካፍሎ ለአራሹ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ቤቱን የሚያቆመው ጓሮ ያለው እንሰት ነበር። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ጥሬ ብር የሚገኝበት አገር አለ የሚለው ወሬ ሀዲያና ከምባታ ደረሰ። ወጣቱ ስንቁን ቋጥሮ ነጎደ። ትልቁ ጋሼም አብረው ሄዱ።

ስለ ወንጂ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አገዳው የሚቃጠልበትን ሌሊት፣ የሰማዩን መቅላት፣ ጠዋት በገጀራ ሲቆርጡ ጥላሸቱ ላብ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ ደጋግመው ነግረውናል። ፊደል የቆጠሩትም እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው። አብሯቸው የሚያድር አንድ ዳዊት ደጋሚ የመንዝ ሰው ነበረ፤ በኩራዝ ብርሃን እሱ ሀ ሁ ሲያስቆጥራቸው፣ እሳቸው ደግሞ ገና ለሥራው አዲስ የነበረውን ሰው አገዳውን ከሥሩ አስጠግቶ መቁረጥ አስተማሩት። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን ሰው «መምህሬ» እያሉ ነው የሚያነሱት።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ብርድ ልብስና ማንበብ ይዘው መጡ። አንገታቸውም ያኔ መድረቅ ጀምሮ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ለብዙ ዓመት የጠጣውን ሰው አጥንት ያደርቃል፣ እዚያ የሚያድጉ ሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል። በዓል ሊያከብሩ የሚመጡትን የወንጂ ተወላጅ ዘመዶቻችንን ገና ሲስቁ እናውቃቸው ነበር። ትልቁ ጋሼም «ይህን አንገት የሰጠኝ ያ ውኃ ነው» ይላሉ። ሰው ሲጠራቸው አንገታቸው አይዞርም፤ መላ አካላቸውን ያዞራሉ። ይህ አዟዟር የሚያነጋግሩትን ሰው ሁሉ የክብር እንግዳ ያስመስለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤው የጀመረው። ከቤታቸው ፊት ያለው መስክ ላይ በርጩማ ይወጣል፣ የቆርቆሮ ሳጥኗ ጉልበታቸው ላይ ትሆናለች፣ ወረቀቱ ከላይ። እናት በሀዲይሳ ትናገራለች፤ እሳቸው በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ወንጂ ላይ ደግሞ ሌላ ያነበበ የአገር ልጅ ወደ ሀዲይሳ መልሶ ለልጇ ይነግርላታል። መግቢያው የታወቀው ነው፦ «ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ግን የራሳቸው ነበር። መጀመሪያ የሰው ጤና፣ ቀጥሎ ከብት፣ ቀጥሎ እንሰት፤ የብር ጥያቄ መጨረሻ ላይ። አንዲት እናት ገና ሳትቀመጥ «ብር ላክ በልልኝ» ብትላቸው «እናቴ፣ መጀመሪያ ላሚቱ መውለዷን እንንገረው፤ ደስ ብሎት ይላክልሽ» ይሏታል። ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀምረው በሀዲይሳ ይመልሱላታል፤ ያላለችው ነገር ገብቶ ከሆነ ይሰርዛሉ። ፖስታውን የሚያሽጉት በእሳት ላይ ወፈር ተደርጎ በተማሰለ ቡላ ነው። በጣታቸው ጫፍ ቀባ አድርገው፣ ሳጥኗን ገልብጠው ይጫኑበታል። ላዩ ላይ «በእጅ ይድረስ» ብለው ለመንገደኛ ይሰጡታል።

ዋጋ አይቀበሉም ነበር። ቡና በቅቤ ከተፈላ ግን አይመለስም።

የጻፉትን ብዙ ሰው ያስታውሳል። እኔ የማደንቀው ግን ለሌሎች ያነበቡበትን መንገድ ነው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የመጣው ሰው ውጭ ይጠብቃል። ውስጥ ሆነው ለብቻቸው ያነቡታል፣ ከዚያ ቡና የሚፈላበትን ያህል ይቆያሉ። ልጅ ሆኜ ይህ መቆየት ያስገርመኝ ነበር፤ አጭርም ረጅምም ደብዳቤ ቢሆን ቆይታው አንድ ነው። ወጥተው አንዳንዱን «አሁን እጄ ሥራ ይዟል፣ ነገ በጠዋት ነይ» ብለው ይሸኛሉ። በማግስቱ ሲነበብ ደህና ወሬ ይሆናል፤ ልጁ ደመወዝ ተጨምሮለታል፣ ወይም ሚስት አግብቷል። ታዲያ ለምን አሳደሩት?

መልሱን የነገሩኝ ጎልምሼ ነው። አንዳንዱ ደብዳቤ መርዶ ይዞ ይመጣል። በአገራችን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ደጃፍ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሂዶ፣ የሚደግፍ ክንድ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። እሳቸው መጥፎውን ደብዳቤ ብቻ ቢያሳድሩ «ነገ ነይ» የተባለች እናት ሁሉ ከደጃቸው ሳትርቅ ልጇ መሞቱን ታውቃለች፤ ያን ሌሊት ብቻዋን ታድራለች። ስለዚህ ደጉንም ያሳድሩ ነበር። ደስታ ቢያድር ሰው አይጎዳም፣ መርዶ ግን ያለሰው ካደረ ይገድላል አሉኝ። የዚህ ሁሉ ዓመት ልማድ አንዲት እናት አንድ ሌሊት እንድትተኛ ነው። ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ልቤ ይሞላል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀ፤ የአባታቸው እርሻ የአራሹ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች ሀዲይሳና ከምባትኛ ሁለቱ ነበሩ። ትልቁ ጋሼ አስተማሪ ሆነው ተመዘገቡ። ለዓመታት ሲያነቡላቸው የኖሩትን ሰዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀምጠው፣ የገዛ ቋንቋቸውን በፊደል አጻፏቸው። ሰው ሁሉ ማንበብ ከቻለ ደጃቸው ጭር ይላል ብሎ ያዘነላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በሕይወታቸው ከዚያ የበለጠ የተደሰቱበትን ወራት አላስታውስም። አንዲት አሮጊት ለልጃቸው የመጀመሪያውን መስመር በእጃቸው ሲጽፉ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩት። ብዙዎቹ የተማሩትን በኋላ ረሱት፤ ደጁም እንደገና ሞላ።

የሞላው ግን በሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ዘመን መጣ። ፖስታው ላይ ከከተማ ስም ይልቅ የጦር ክፍል ቁጥር ይጻፍ ጀመር። 1983 ዓ.ም. ደርሶ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ከፊሉ በእግሩ ተመለሰ። ከፊሉ አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። ስለዚያ ጊዜ ትልቁ ጋሼ አብዝተው አይናገሩም ነበር፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

ደስታው በሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ ላይ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ «ለያሆዴ እመጣለሁ» የሚል ይሆናል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ቱታ በሚባለው ማኅበር ያጠራቀሙት ገንዘብ ተቆጥሮ በሬ ይገዛል፤ ሴቶቹ በዊጆ ተራ እየተሰጣጡ ያከማቹት ቅቤ ይወጣል። የበሬው ዋዜማ የአተካና ሌሊት ነው። ቡላው በወተትና በቅቤ ተገንፍቶ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን ወርቅ መስሎ ሲቆም፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ሁሉ ከአንድ ዕቃ ይበላል። ትልቁ ጋሼ ለረጅም ዓመታት የቱታቸው ገንዘብ ያዥ ነበሩ። የማኅበሩ ሰው ለመክፈል ሲቸገር የሚያውቁት ቀድመው ነው፤ ከልጁ ደብዳቤ አንብበዋልና። ስሙን ሳያነሱ ከኪሳቸው ሞልተው ያልፋሉ። በሬው ሲታረድ ያ ሰው ከሌላው እኩል ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ያወቅነው ደብተሩን ካረፉ በኋላ ከፍተን ስናየው ነው።

ቀስ በቀስ ስልክ ገባ። የሀዲያና የከምባታ ልጅ መንገድም ከወንጂ አልፎ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የልጅ ልጆቻቸው ከጆሐንስበርግ በምስል ሲደውሉ መነጽራቸውን አጥልቀው መላ አካላቸውን ወደ ስክሪኑ ያዞራሉ። «ምን በላህ? አጠገብህ ማን አለ?» ይላሉ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ አይዘጉም። የስልክን ፍጥነት አልጠሉም። የጠሉት መርዶን ያለሽማግሌ ማድረሱን ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ መኪና ኮንቴይነር የ64 ሰዎች አስከሬን መገኘቱና ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ሲሰማ፣ በሆሳዕና ዙሪያ ልጁን በዚያ መንገድ የላከ ቤት ሁሉ ስልኩን እያየ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ገበያ መካከል ፎቶ ያየች እናት ነበረች። ትልቁ ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ማን ነበረ አጠገቧ?» ብለው ጠየቁ። ማንም እንዳልነበረ ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔም በዚህ ነገር ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሞትን በደቂቃ ውስጥ የሚያሰራጭ ወጣት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቀድሞ መናገር ሐዘን መካፈል ይመስለዋል። አንድ ሌሊት ማሳደር ግን ይቻላል። ስልኩን ኪስ ከትቶ፣ ሁለት ሽማግሌ ጠርቶ፣ በማለዳ መሄድ ይቻላል። ትልቁ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አድርገውታል።

ሲያርፉ ታናሽ እህታቸው ወንጂ ነበሩ፤ ሰማንያን ያለፉ አሮጊት። እኛም ወሬውን ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳያወጣ አስጠነቀቅን፤ የጆሐንስበርጎቹም እሺ አሉን። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የወንጂ የሶሮ ሰዎች ተሰብስበው ደጃቸው ደረሱ። እሳቸውም በሰው ክንድ ላይ ሆነው ሰሙ።

የቆርቆሮ ሳጥኗ አሁን ታላቅ እህቴ ቤት ናት። የሳር ጣሪያቸው እንዳያፈስባቸው፣ አይጥ እንዳይበላባቸው የፈሩ ሰዎች አንብብልን ብለው ሰጥተው በዚያው ያስቀመጧቸው ደብዳቤዎች አሉባት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳይከፈቱ ለየባለቤቱ ቤተሰብ እንዲመለሱ ወሰኑ፤ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። ባለቤት ያልተገኘላቸው ይበዛሉ፤ ፖስታቸው ላይ የላኪው ስምና ካምፑ ይነበባል። አባቱ ወይም አያቱ ከሶሮ ወጥቶ ወንጂ ወይም መተሐራ አገዳ የቆረጠ ሰው ካለ፣ ጃጁራ መጥቶ የጋሼ አንባቢውን ቤት ይጠይቅ፤ የማያሳየው የለም።