ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ካርድ አይገዛም!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ነገር ግን ከፍቅር ባልተናነሰ ኪስ ስለሚያራቁት ነገር ነው፤ ስለ ጌም ኮምፒዩተር። ጥያቄውም እንደ ትዳር ጥያቄ ነው፤ አንድ ይሻላል ወይስ ሁለት?

መቼስ ጌም የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ሥዕሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ዕቃ ነው። ካርዱ ሲያረጅ አዲስ ጌም ይከብደዋል፤ ሥዕሉ ይንቀረፈፋል። ይሄኔ መካሪ አይጠፋም። «ያለህን ከምትሸጥ የእሱኑ ዓይነት ሌላ ጨምረህ ጎን ለጎን ብትሰካቸውስ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?» ይላል። ተረቱ እውነት ነው። ግን ሌላም ተረት አለን፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ እቁብ ደረሰው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1070 አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ቁጠሩልኝ)። አንድ ጓደኛው ደግሞ ያንኑ ዓይነት ካርድ በቅናሽ ሊሸጥለት አሰፍስፏል። «ጋሼ፣ ሁለቱ ሲደመሩ እኮ 16 ጊጋ ሚሞሪ ይኖረኛል!» አለኝ ዓይኑ እያበራ። ልብ በሉ፤ እቁቡ ገና የሚከፈል ዘጠኝ ወር ይቀረዋል። ዋሱ ደግሞ እናቱ ናት። እሱ ቢያጓድል የምትከፍለው እህቴ ነች። ስለዚህ ጉዳዩ የጌም ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ የሁለት ካርድ ነገር ከየት መጣ? በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የተሰኘ ካርድ አወጣ። ሁለቱን በገመድ ስታያይዟቸው አንዱ 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛውን መስመር፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛውን እያለ ስክሪኑን ተካፍለው ይሥሉታል። ብቻውን እስከ 800 በ600 ነጥብ የሚሥለው ካርድ ሲጣመር 1024 በ768 ይደርስ ነበር። ያኔ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ነው! ኩባንያው ግን ዕድሜ አላገኘም፤ በ2000 መጨረሻ ዋና ዋና ንብረቱን ኒቪዲያ ሊገዛው ተስማማ። ኒቪዲያም በ2004 ኤስኤልአይ የሚለውን ስም መልሶ አነሳው። ተፎካካሪው ኤቲአይ በ2005 ክሮስፋየር ብሎ ተከተለ።

በእነዚህ በኋለኞቹ ዘዴዎች ሥራው በአብዛኛው የሚከፋፈለው በመስመር ሳይሆን በተራ ነው። አንዱ ካርድ አንደኛውን ሥዕል፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ ደግሞ ያኛው ሦስተኛውን ይሥላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ሚሞሪው አይደመርም። ሁለቱም ካርዶች የሚሥሉት ያንኑ ጌም ስለሆነ ሁለቱም ያንኑ ዕቃ በየራሳቸው ሚሞሪ መያዝ አለባቸው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ቢይዙ መጽሐፉ ሁለት ሆነ እንጂ ትምህርቱ አልጨመረም። በዚህ አሠራር 8 ሲደመር 8 ያው 8 ነው!

ሁለተኛ፣ ሥዕሎቹ እኩል ርቀት ጠብቀው አይመጡም። ታክሲ ስትጠብቁ ደርሶባችሁ የለም? ሁለቱ ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጭራሽ ድምጥማጣቸው ይጠፋል። በሰዓት ስንት ታክሲ አለፈ ብሎ ለሚቆጥር ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ለሚጠብቀው ግን መከራ ነው። ሁለት ካርድም እንዲሁ ነው። ቆጣሪው በሰከንድ 60 ሥዕል ይላል፤ ዓይናችሁ ግን መንተብተቡን ያየዋል።

ሦስተኛ፣ የዛሬ ጌሞች አሠራራቸው ተለውጧል። ብዙዎቹ አዲሱን ሥዕል የሚያሰማምሩት ካለፈው ሥዕል ላይ እየቀዱ ነው። ይህ እንደ ቡና ነው፤ ቶናው የሚፈላው በአቦሉ አተላ ነው። ሁለት ጀበና ብትጥዱም አቦሉ ሳይቀዳ ቶና የለም። ሁለተኛው ካርድም የመጀመሪያውን ሥዕል እየጠበቀ ቁጭ ይላል።

አራተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ ሥራውን የሚያከፋፍለው ሰው ሄዷል። ሁለት ካርድ ተስማምተው የሚሠሩት ኒቪዲያ ለየጌሙ በድራይቨሩ ውስጥ መመሪያ ሲያዘጋጅላቸው ነበር። ለአርቲኤክስ 20ና ከዚያ በፊት ለወጡት ካርዶች ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዲስ መመሪያ ማውጣቱን አቆመ። በ2020 ከወጡት የ30 ትውልድ የጌም ካርዶች መያያዣ የነበረው 3090 ብቻ ነው። በ2022 የወጣው ውዱ 4090 ደግሞ መያያዣው ራሱ የለውም። ኃላፊነቱ ወደ ጌም ሠሪዎቹ ተገፋ፤ እነሱም ለጥቂት ባለ ሁለት ካርድ ብለው አይደክሙም።

በዚህ ላይ ወጪው አለ። አንድ 1070 150 ዋት ይበላል፤ ሁለቱ 300። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየራል። ማዘርቦርዱም ሁለት ካርድ የሚቀበል መሆን አለበት፤ ሁለት ቀዳዳ ስላለው ብቻ አይበቃም፣ የርካሾቹ ሁለተኛ ቀዳዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከላይ ያለው ካርድ የታችኛውን ትኩስ ትንፋሽ እየሳበ ይውላል። «በቅናሽ» የተባለው ካርድ እንግዲህ ጓዙን ይዞ ነው የሚመጣው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። ወረቀት ሰጠሁትና «የምትጫወታቸውን ጌሞች ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ጂቲኤ ፋይቭ ሁለት ካርድ ያውቃል፤ እሱን ግን አሁን ባለው በአንዱ ካርድ እያንቀለቀለ ይጫወተዋል። የሚያለቅስበት ሳይበርፐንክ 2077 ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ካርድ ዞር ብሎ አያየውም። ከዚያ በ2021 የወጣውን ባለ 12 ጊጋ አርቲኤክስ 3060 ጎኑ ጻፍኩለት። አንድ ካርድ፣ 170 ዋት፣ 12 ጊጋ፤ ሁሉም ጌም ያውቀዋል። በዚያም ላይ ኒቪዲያ በ2025 መጨረሻ ለእነ 1070 የጌም ድራይቨር ማውጣቱን አቁሟል። ሊገዛ ያሰበው ጡረታ የወጣ ካርድ ነበር ማለት ነው።

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ጓደኛውን ማሳፈር ከብዶት ኖሯል። በአራተኛው ቀን 1070ውን ሸጦ፣ ከእቁቡ ጨምሮበት፣ አንድ ያገለገለ 3060 ገዛ። የተረፈውን ለእናቱ ሰጣት፤ «እቁቡ ሲደርስ ክፈይልኝ» ብሎ። ይኼኛው ነገር ከካርዱ ይበልጥ አስደስቶኛል።

እንዲያው ሁለት ካርድ ለማንም አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። ሥራው በእርግጥ የሚከፈል ከሆነ ይረባል። ብሌንደርን በመሰለ ፕሮግራም አኒሜሽን የሚሠራ ልጅ ሁለት ካርድ ቢኖረው አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ የድርሻውን ይሠራል፤ ጊዜው በጣም ያጥራል። ትልልቅ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል በቤቱ የሚያስኬድም በአንዱ ያልገባውን ለሁለት ከፍሎ ይጭናል። ድር የሚያብረው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እንጀራችሁ ይህ ከሆነ ሁለት ግዙ፤ ምርቃቴ አይለያችሁ።

ለመጫወት ከሆነ ግን ምክሬ አጭር ነው። የሚሠራላችሁን ጌም ሳይሆን የሚያስቸግራችሁን ጌም ስም ይዛችሁ ሂዱ። አቅማችሁ የፈቀደውን አንድ ጠንካራ ካርድ ግዙ። ያገለገለ ከሆነ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱን እያያችሁ ፈትኑት፤ «ቤት ስትሄድ ትሞክረዋለህ» ለሚል ሻጭ ብራችሁን አታውጡ። ያላችሁት ካርድ ከደከመም ጓደኛ አትፈልጉለት፤ በክብር ሸኙትና በተሻለ ተኩት።

እቁባችሁን ደግሞ አደራ! በዋስነት የፈረመላችሁ ሰው ሥዕል ሲንተባተብ አይቶ አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን በሩ ይንኳኳል።

ቸር እንሰንብት!